በጸሎቱና በፍየሏ መካከል

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለትሕትና ብዬ አይደለም። ስልክ ሲጠራ መጀመሪያ የሚመጣብኝ መርዶ ነው፤ በር ሲንኳኳ ፖሊስ ነው፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከደረሰኝ ሳልከፍተው ሁለት ቀን ፍሪጅ ላይ አስቀምጬ በሩቁ አየዋለሁ። ዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ውስጥ ዊልቼር እየገፋሁ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድም ሰው ጥዬ አላውቅም፤ ግን በየቀኑ ዛሬስ አልቀረልኝም እያልኩ ነው ባቡሩ ላይ የምሳፈረው። ስለዚህ አባቴ መርሳት ሲጀምሩ ፍርሃት አዲስ እንግዳ አልሆነብኝም። ድሮም ቤቱን ያውቀዋል፤ ገብቶ ተቀመጠ።

አባቴ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። በጉልምስናቸው አዲስ አበባ ውስጥ የሲኒማ ማሽን ኦፕሬተር ነበሩ። ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ከፍ ብላ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆነው፣ በትንሽ የመስታወት መስኮት አሻግረው እያዩ ለሕዝቡ ፊልም የሚያሳዩት እሳቸው ነበሩ። አሜሪካ ከመጡ በኋላ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆነው ሠሩ። አሁን አውሮራ ውስጥ፣ ከኢስት ኮልፋክስ ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። ታናሽ ወንድሜ አየር ማረፊያና ከተማ መካከል ሰው ያመላልሳል፤ እኔ ሺፍት ላይ ስሆን እሱ ይጠብቃቸዋል፤ እሱ ሲነዳ እኔ።

ባለፈው ክረምት ሁለት ነገር ሆነ። መጀመሪያ ድስት ጥደው ረሱትና ቤቱ በጭስ ተሞላ። ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት፣ እኔ ሻወር ውስጥ እያለሁ፣ በነጠላ ጫማ ወጥተው ሄዱ። በረዶ ነበር። ኮልፋክስ ላይ፣ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ፣ ካልሲያቸው ርሶ ቆመው አገኘኋቸው።

«የት ሊሄዱ ነው፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ሥራ ነዋ» አሉኝ፤ በጥያቄዬ ተገርመው።

እንደመጣን ካፒቶል ሂል ተከራይተን ስንኖር ወደ መኪና ማቆሚያው የሚወስዳቸው አሥራ አምስት ቁጥር ነበር። ጡረታ ከወጡ ግን ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። እጃቸውን ይዤ ስመልሳቸው ሥራ አስረፈድሽብኝ ብለው አኮረፉኝ።

የዚያን ቀን ወንድሜ መጥቶ ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። እሱ የሚናገረው ነገር ሲከብደው የመኪናውን ቁልፍ እያገላበጠ ነው የሚያወራው።

«እታለም፣ እንዲህ ሆኖ አይቀጥልም። መኪና ቢገጫቸውስ? ነርሲንግ ሆም እናስብ።»

«አፍህን ዝጋ» አልኩት።

«እሺ፣ አሁን አይደለም። እኛን እስካወቁን ድረስ እዚሁ ይሁኑ። አንዳችንን ያላወቁ ቀን ግን ክርክር የለም። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባሁለት። ያ ቀን ሩቅ መስሎኝ ነው። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም እሳቸውን አቅፎ ሲያጥብ እንደ እኔ አይነጫነጭም። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በገባ ቁጥር፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ «እንዴት ዋሉ? አወቁሽ?» ይለኝ ጀመር። በየቤቱ አባቱን ተቋም ያስገባ ሰው እንዴት እንደሚወራበት አውቃለሁ፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን የሰው አፍ አልነበረም። አየር ማረፊያ ውስጥ ከእነዚያ መጦሪያ ቤቶች የመጡ ሽማግሌዎችን እገፋለሁ። አንዳንዶቹ ገና ዊልቼሩ ላይ ሳይቀመጡ፣ «አሁን ወዴት ነው የምትወስጂኝ?» ይሉኛል። በየኮሪደሩ ደግመው ደጋግመው ይጠይቁኛል። አባቴ ይህን ጥያቄ በአማርኛ ሲጠይቁ የሚመልስላቸው ሰው በማይኖርበት ቤት ውስጥ ይታዩኝ ነበር።

ያ ቀን ድንገት እንዳይመጣብኝ አንድ መለኪያ ፈለግኩ። መለኪያዬ ፊልም ሆነ።

ከዓመታት በፊት ኮልፋክስ ላይ ካለ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ አሥራ ሁለት ዲቪዲ ያለበት ካርቶን ገዝተን ነበር። የድሮ የእንግሊዞች ኮሜዲ ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ፣ በጥቂት ብር የተሠሩ። አባቴ አሥራ ሁለቱን እያገላበጡ፣ «እነዚህን ሁሉ አሳይቻቸዋለሁ» አሉ፤ አላመንኳቸውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፊልም ሰዓታችን ነው። እኔ ስለ ፊልም የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት እዚያ ሶፋ ላይ ነው።

«በሩን ተመልከቺ» ይሉኛል። «የሐኪሙ ቤት በር ነው አይደል? ቆይ። ይኸው አሁን የቄሱ ቤት በር ሆነ። ቁጥሩን ብቻ ነው የቀየሩት። አንድ በር ነው ያላቸው!»

እውነታቸውን ነው። በሩ በኃይል ሲዘጋ ግድግዳው ይወዛወዛል። ሰማዩ ጨርቅ ነው፤ የታጠፈበት መስመር ይታያል። ፖሊስ ሆኖ የመጣው ሰውዬ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጢም ለጥፎ ባለሱቅ ሆኖ ይመጣል። አባቴ ይህን የሚያሳዩኝ ለማላገጥ አይደለም። አንድ በር ይዞ ከተማ ለሠራ ሰው ባርኔጣ ያነሳሉ። የዛሬዎቹን ፊልሞች፣ ከተማ ሙሉ የሚፈርስባቸውን፣ አንድ ጊዜ ወንድሜ ጋ አይተው፣ «ይሄ ሁሉ ወጪ ለምን አስፈለገ? ሰውየው እኮ አልተንሸራተተም» ብለው ተነሱ።

እነዚህን ፊልሞች ደጋግሜ ሳያቸው እኔም የራሴን ነገር አገኘሁባቸው። ሁሉም ስለ ፍርሃት ናቸው። ሁልጊዜ አንድ ሚስኪን ሰው አለ፤ ሁልጊዜ የሚደብቀው ነገር አለው፤ ሁልጊዜ በሩን የሚያንኳኳ ተቆጣጣሪ አለ። ሰውየው ዶሮውን ቁም ሳጥን ውስጥ ይደብቃል፣ አማቱን በርሜል ውስጥ ይደብቃል፣ ላቡን እየጠረገ «ይግቡ፣ ይግቡ» ይላል። ልዩነታችን እነሱ ሲፈሩ ማሳቃቸው ነው። እኔ ስፈራ ቤቱን ሁሉ አስጨንቃለሁ።

አባቴ ደግሞ የሚስቁት ቀድመው ነው። ሰውየው ገና ወደ ሙዝ ልጣጩ እየተራመደ ሳለ እሳቸው ስቀው ጨርሰዋል። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ነገሩኝ። ማሽኑ ስለሚጮህ ክፍላቸው ውስጥ የፊልሙ ድምፅ በደንብ አይሰማም፤ የሚሰማው የሕዝቡ ሳቅ ብቻ ነው። «ቀድሜ ስቄ እጨርስና ጆሮዬን አቀናለሁ» አሉኝ። «እነሱ ሲስቁ መስማት ነበረብኛ።» ከፊልሙ ይልቅ ሳቁን ነበር የሚወዱት።

መለኪያዬ ይኼ ነበር። በሳቃቸውና በቀልዱ መካከል በልቤ እቆጥራለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ከሆነ ሳምንቱን ደህና እተኛለሁ። ክረምቱ ሳያልቅ ሁለት ሆነ። አባቴ አጠገቤ በደስታ እንባቸውን ሲጠርጉ እኔ ጥርሴን ነክሼ እቆጥራለሁ። ኮሜዲ እያየ በፍርሃት የሚያልበው ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

መጋቢት ላይ ሐኪማቸው ነርስ ወደ ቤት እንደሚልኩ ነገሩን። ነርሷ አይታ የምትጽፈው ሪፖርት ሁለት ነገር ሊል ይችላል። ወይ ጠዋት ጠዋት ቤት እየመጣ የሚረዳን ሰው ይፈቀድልናል፣ ወይ ደግሞ ቤት ውስጥ መኖር አይችሉም፣ ተቋም ይግቡ ይባላል። ወንድሜ በስልክ ሲሰማ፣ «የሚሉትን እንቀበላለን» አለኝ። ሪፖርቱ ሁለተኛውን ካለ እሱ ከእኔ ጎን እንደማይቆም ገባኝ።

ነርሷ ከመምጣቷ በፊት ባለው ቅዳሜ ያው ወንድሜ እዚያው መሸጫ ቤት ገብቶ አንድ አዲስ ዲቪዲ ይዞ መጣ፤ እኛ ያልነበረን። ሽፋኑ ላይ የሴት ባርኔጣ ያደረገች ፍየል አለች። አባቴ ሲያዩዋት ከሶፋው ብድግ አሉ።

«ይቺን ፍየል አውቃታለሁ!»

ፊታቸው እንዲያ ሲበራ ካየሁ ብዙ ወር ሆኖኝ ነበር። አሁኑኑ እንየው አሉ። እኔ ግን ብልጠቴ መጣ፤ ሳይታይ አስቀመጥኩት። ነርሷ ስትመጣ እከፍተዋለሁ፣ ጥያቄዎቿን ባይመልሱ እንኳ አእምሯቸው እንዴት እንደሚሠራ በዓይኗ ታያለች ብዬ አሰብኩ። ውጥኔን ለወንድሜ ሳጫውተው፣ «ኢቫሉዌሽን ነው እኮ፣ ሲኒማ አይደለም» አለኝ።

ነርሷ ረቡዕ ከምሳ በኋላ መጣች። ከመምጣቷ በፊት ያደረግኩትን ልናዘዝ። ያረረውን ድስት መታጠቢያ ቤት፣ ከፎጣዎቹ ኋላ ደበቅኩት። ነጠላ ጫማውን አልጋዬ ስር ወረወርኩት። ቀኑን፣ ወሩንና የፕሬዚዳንቱን ስም ለፈተና እንደሚቀርብ ልጅ አስጠናኋቸው። በሩ ሲንኳኳ ላቤን ጠርጌ፣ ፈገግ ብዬ፣ «ይግቡ፣ ይግቡ» አልኩ። ይህን ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ስስቅበት ነበር።

ጥሩ ሴት ናት፤ ድምጿ ዝግ ያለ፣ አባቴን ዓይን ዓይናቸውን እያየች የምታወራ። ጠየቀቻቸው፤ እኔ አስተረጎምኩ። ቀኑን ሳቱት። ወሩን ሳቱት። ስለ ፕሬዚዳንቱ ሲጠየቁ፣ «እኔ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም» አሉ፤ እኔም በፍጥነት፣ ያው ቀልደኛ ናቸው አልኳት። ከዚያ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ መሙላት ስትጀምር፣ ቲቪ ብከፍት እንደማይረብሻት ጠየቅኳት። ግድ የለም አለችኝ። ፍየሏን ከፈትኩ።

ፊልሙ ስለ አንድ ባለ ፔንሲዮን ነው። ከባሕር ዳርቻ ያለች ወና ፔንሲዮን አለችው፤ እንግዳ የለም። መንግሥት ተቆጣጣሪ ልኮ ሊያዘጋበት ነው። ስለዚህ ሚስቱን፣ ወንድሙንና አክስቱን ባርኔጣ እያቀያየረ ሠላሳ እንግዳ ያስመስላቸዋል። አባቴ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ቀድመው ሳቁ። አክስትየዋ ገና ጢሙን ሳታነሣ ሳቁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት! ሦስት ድረስ ቆጠርኩ። ነርሷን በዓይኔ ጠቀስኳት፤ ተመልከቺ፣ ያስታውሳሉ አልኳት። ከዐርባ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት ያዩትን ነው አልኳት። ቀና ብላ ፈገግ አለች። ለአንድ አፍታ ሁሉም ነገር የሚሳካ መሰለኝ።

ከዚያ ባለ ፔንሲዮኑ ተስፋ ቆርጦ አልጋው አጠገብ ይንበረከካል። ጌታ ሆይ፣ አንዲት እውነተኛ እንግዳ ብቻ ላክልኝ ብሎ ይጸልያል። አሜን ይላል። ቀጥሎ የሚታየው አንዲት ሴትዮ ግቢ ውስጥ አንሶላ ስታሰጣ ነው። ምንም የሚያስቅ ነገር የላትም። አንሶላ ታሰጣለች፣ መቆንጠጫ ትለቅማለች፣ ከጎረቤቷ ጋር ስለ ባቡር ታወራለች።

አባቴ በሳቅ ፈነዱ። ሶፋውን እየደበደቡ፣ ወደ ፊት እየተደፉ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሳቁ። ነርሷ ቀና ብላ ቲቪውን አየች፤ ሴትዮዋ አንሶላ እያሰጣች ነው። ወደ አባቴ አየች። ከዚያ ወደ እኔ። እኔ ምን ላድርግ? አብሬ ሳቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አስቀያሚ ሳቅ ስቄ አላውቅም።

ከሦስት ደቂቃ ያህል በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ ባለ ፔንሲዮኑ ከፈተ፤ ፍየሏ ባርኔጣዋን አድርጋ ቆማለች። ነርሷ ራሷ ሳታስበው ሳቀች። አባቴ ግን አልሳቁም። ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄ ልክ አይደለም» አሉ። «ማነው የነካው? ማሽኑን አቁሙት!»

ተነሥተው ወደ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ሄዱና በእጃቸው መዳሰስ ጀመሩ። ማሽናቸውን እየፈለጉ ነበር። አቅፌ ስመልሳቸው ከኋላዬ የኪቦርዱ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ ነበር የምትጽፈው።

በር ላይ ስሸኛት ትከሻዬን ነካችኝ። ሪፖርቱን ዓርብ እንደምትልክ ነገረችኝና፣ አንቺም እኮ እረፍት ያስፈልግሻል አለችኝ። በዚህ ሀገር ሰው እንዲህ ሲልሽ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። በሩን ዘግቼ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ደወለ፤ የሆነውን ነገርኩት፤ ሴትዮዋን፣ አንሶላውን፣ ግድግዳውን።

«እታለም» አለኝ፣ ድምፁ ተሰብሮ፣ «ቦታ መፈለግ ልጀምር?»

ስልኩን ዘጋሁበት።

በማግስቱ ሺፍቴን ካንሰል አደረግኩ። ከምሳ በኋላ አባቴን ሶፋው ላይ አስቀምጬ ፊልሙን እንደገና ከፈትኩት። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፤ ምናልባት በዓይኔ ደግሜ እስካላይ ድረስ ላምን አልፈለግኩም። ሰውየው ጸለየ። አሜን አለ። ሴትዮዋ ከነአንሶላዋ መጣች። አባቴ ሳቁ፤ እዚያችው ቦታ ላይ፣ ልክ እንደ ትናንቱ። ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። የጠፋበት ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይጠፋም። ፊልሙን አቆምኩት።

«አባባ፣ ምን አይተው ነው የሚስቁት?»

«ፍየሏን ነዋ!»

«ፍየሏ እኮ ገና አልመጣችም።»

«መምጣት አለባት! ጸለየ፣ አሜን አለ፣ በሩ ተከፈተ፣ ፍየሏ መጣች። በቃ ይኸው ነው።»

«በመካከል ልብስ የምታሰጣ ሴት አለች።»

ቲቪው ላይ ቆማ የቀረችውን ሴትዮ አተኩረው አዩዋት። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው ውስጥ የማውቀው ነገር ነበር። የራሴን ፍርሃት ነው ያየሁት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በሩን ዝጊው» አሉኝ።

ዝግ ነበር፤ ቢሆንም ተነሥቼ የዘጋሁ አስመሰልኩ።

ነገሩኝ። በስምንት ሰዓቱ ዝግጅት ላይ፣ ሕዝቡ ሲስቅ ለማየት ከመስኮቷ ተደግፈው ቆመው ነበር። ያለፈውን ፊልም የሚሰበስበው የታችኛው መጠቅለያ ቆሟል፤ አላዩም። ፊልሙ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ዞረው ሲሮጡ ረገጡት፤ ተጣጠፈ፣ ተቀዳደደ። የሦስት ደቂቃ ያህል ከጥቅም ውጭ ሆነ። የአሥር ሰዓቱ ሕዝብ ከውጭ ተሰልፏል። ሥራ አስኪያጁ ለአንድ ጭረት ደመወዝ የሚይዝ፣ ለአንድ ብጣሽ ከሥራ የሚያባርር ሰው ነው።

«በምላጭ ቆረጥኩት» አሉ። ሁለቱን ጫፎች እንዴት እንደፋቁ፣ ሙጫ እንዴት እንደቀቡ፣ በአውራ ጣታቸው ጫን ብለው እንዴት እስኪደርቅ እንደያዙ ጭናቸው ላይ አሳዩኝ። የሚንቀጠቀጡት እጆቻቸው ይህን ሲያሳዩ ቀጥ አሉ። «ጸሎቱን ከፍየሏ ጋር ሰፋሁት። የተቀዳደደውን በምሳ ዕቃዬ ይዤው ወጣሁ። ጓሮ ቆፍሬ ቀበርኩት። አንቺ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ምንድነው የምትቀብረው እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የአሥር ሰዓቱ ተጀመረ። እኔ ሞቻለሁ። አሁን ይነቁብኛል፣ አሁን ይጮኻሉ እያልኩ ነው። ሰውየው ጸለየ። እንግዳ ላክልኝ አለ። አሜን! ወዲያው በሩ ተከፈተና ፍየሏ ከነባርኔጣዋ።» እንባቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እንደዚያን ቀን ያለ ሳቅ በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ወንበር ይደበድባሉ። ጸሎቱ እኮ በአንዴ ተሰማለት! በሚቀጥለው ቀን ጎረቤታቸውን ይዘው መጡ።»

ሥራ አስኪያጁ አልነቃም። እሳቸው ግን ፊልሙ ወደ መጣበት ተጠቅልሎ እስኪላክ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ለወራት፣ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰሙ ቁጥር ሊያባርረኝ መጣ ይሉ ነበር። ፍርሃቴን ከማን እንደወረስኩት ያን ቀን አወቅኩ። ሲጨርሱ ወደ ቲቪው በአገጫቸው ጠቆሙ።

«ይቺን ሴትዮ እኮ ጓሮ ነው የቀበርኳት። እዚህ ምን ትሠራለች?»

ሪሞቱን አነሣሁ። ወደ ጸሎቱ መለስኩት። ሰውየው አሜን ሲል ሦስቱን ደቂቃ ዘልዬ በሩ ላይ ጣልኩት። ፍየሏ ቆማለች። ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። ጸሎትና መልሱ እንዲህ ሲገጣጠሙ እውነትም ከፊልሙ ሁሉ የሚያስቀው ያ ነው። ያን ፊልም የሠሩት ሰዎች፣ ገንዘብ የሌላቸው፣ በር የሌላቸው፣ ከሁሉም የበለጠችው ቀልዳቸው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የፈራ ሰው ምላጭ እንደተሠራች ሳያውቁ ኖሩ። የነሱ ፊልም የሦስት ደቂቃ ድሃ ሆኖ ነው ሀብታም የሆነው። አባቴም አልተሳሳቱም ነበር። የሚያስታውሱት ፊልም በዓለም ላይ በአንድ ቅጂ ብቻ የነበረ ነው፤ እሱም የእሳቸው።

ነርሷ ጋ ደወልኩ። ከየት ልጀምር? ስለ ምላጭ፣ ስለ ሙጫ፣ ስለ ፍየል እየተንተባተብኩ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ሳቀች፤ ከዚያ ሪፖርቱ ላይ ትጨምራለሁ አለችኝ። ጨመረችም። በሳምንት አራት ጠዋት የሚመጣ ረዳት ተፈቀደልን። ቅዳሜ ወንድሜ መጣ፤ በሪሞቱ ቆርጬ አሳየሁት፤ ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ ሳቀ። ከዚያ ተነሥቶ የአባቴን አውራ ጣት ሳመ። ቦታ መፈለጉን ተወው። ስምምነታችን ግን እንዳለ ነበር፤ በገባ ቁጥር መጠየቁንም አልተወም።

ይህ ከሆነ ሰባት ወር አለፈ። ፍየሏን ምናልባት ሃያ ጊዜ አይተናታል። በሳቃቸውና በቀልዱ መካከል ያለው ቁጥር ከሁለት ወደ አንድ ወረደ፤ ከዚያም የሚቆጠር ነገር አልነበረም። አንዳንድ ቅዳሜ ጭራሽ አይስቁም፤ እጃቸውን እያዩ ይቀመጣሉ። ረዳቷ የምትጠራቸው ሲመስላቸው «አቤት» ይላሉ፤ እኔን ግን ሁልጊዜ «ልጄ» ይሉኝ ነበር። እኔም ይህችን ቃል እንደ ኪኒን በየቀኑ እጠብቃት ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ሪሞቱን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ባለ ፔንሲዮኑ ተንበረከከ። ጸለየ። አባቴን አየኋቸው፤ ምንም የለም። ሰውየው አሜን ሊል ነው፤ አሁንም ምንም። ያን ጊዜ እኔ ሳቅኩ። ቀድሜ፣ እሳቸው እንደሚስቁት፣ ጮክ ብዬ። ከዚያ ዘልዬ በሩ ላይ ጣልኩት።

አባቴ ፍየሏን አላዩም። ወደ እኔ ዞረው ነበር። ፊታቸው፣ ያን ቀን ዲቪዲውን ሲያዩ እንደሆነው፣ ቦግ አለ።

«እትዬ፣ እርስዎም ነበሩ እንዴ?» አሉኝ።

ሪሞቱን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«ሲኒማ ቤት ይመጡ ነበር? የት ነበር የሚቀመጡት?»

«ከፊት» አልኳቸው። «ከፊት ነበር የምቀመጠው።»

«ሳቅዎን አውቀዋለሁ። ይሰማኝ ነበር እኮ፣ ከላይ ሆኜ።» ደስ ብሏቸው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ ደስታው ቀስ እያለ ከፊታቸው ጠፋ። ግራ ቀኝ አዩና ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «እንግዲያው መቆረጡን ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ለሥራ አስኪያጁ እንዳይነግሩብኝ። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ አለችኝ።»

እጄን አጥብቀው ያዙኝ። «አልነግርብዎትም» አልኳቸው። «ለማንም አልናገርም።» «ይማሉልኝ» አሉኝ። ማልኩላቸው።

ስልኬ ላይ የወንድሜ መልእክት መጣ፤ ፓርክ እያደረገ ነው። እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ፤ ሶፋውን አስተካከልኩ፤ ፊታቸውን በመዳፌ አበስኩ። በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩለት።

«እንዴት ዋሉ?» አለኝ፣ ጫማውን ሳያወልቅ። «አወቁሽ?»

አባቴ ከሶፋው ላይ ሆነው ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩኝ ነበር።

«በደንብ ነዋ» አልኩት። «እንዲያውም ቀድመው ሳቁ።»

ወንድሜ ፈገግ ብሎ ውሃ ሊጠጣ ወደ ወጥ ቤት አለፈ። አባቴ እንዳልተናገርኩባቸው ሲያዩ እፎይ ብለው ወደ ኋላ ተደገፉ።